የአክስቴ ክው ማለት

አማርኛ ለድንጋጤ ቃል አላነሰውም። መደንገጥ አለ፣ መበርገግ አለ፣ ወሽመጥ ቁርጥ ማለት አለ። «ክው ማለት» ግን የመጨረሻው ነው፤ ፊት ደም ሲያጣ፣ ምላስ ሲደርቅ፣ ሰው እንደቆመ ሲቀር። እንዲህ ያለ ቃል ለመርዶ ይቀመጣል እንጂ ለሽንኩርት አይባክንም።

አክስቴ ግን ታባክነው ነበር። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ስንኖር፣ ወጥ ቢያርርባት «ክው አልሁ!» ዶሮ ብትጠፋባት «ክው አልሁ!» ጎረቤቷ አዲስ ጫማ የገዛች ለትማ እስከ ማግስቱ ክው እንዳለች ዋለች። ክው ያለ ሰው እኮ አይናገርም! እሷ ሰፈሩ እስኪሰማ ነበር ክው የምትል።

ልጇ አንድ የወገራ ጎበዝ ወድዳ፣ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ለእኔ ብቻ ሹክ አለችኝ። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ለእናቷ ግን አልነገረችም፤ «ክው ብላ አገር ታሰማብኛለች» ብላ። አባቷ ደግሞ ጨው ሊያመጣ በጭነት ማኪና አዲ አርቃይ ወርዶ፣ ከቀጠሮው ዘግይቷል።

አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ቆሙ። አክስቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብትል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የልጅ ጠያቂ ወጉ ይኸው ነው። በአገራችን ግን መርዶም በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። ሌላዋ ብትሆን «ምነው፣ በደኅና?» ትል ነበር። አክስቴ ምን በወጣት! «ባሌን!» ብላ ጮኸች። «ክው አልሁ! ኧረ ክው አልሁ!» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሙሾ አወረደ። እኔ «ኧረ ለጋብቻ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። አንዱ ሽማግሌ «እመይቴ፣ እኛስ በሸጋ ነው የመጣን!» ቢል፣ አልቃሾቹ ተቀብለው አለቀሱበት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሙሾ የተቀበለው ጋብቻ ገድ የለውም» አለ ትልቁ። ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

ለቀስተኛው ሳይበተን ባልየው ጨዉን አስጭኖ በሙሉ ጤናው ከተፍ አለ። አክስቴ እሱን ስታይም ክው አለች፤ ጮክ ብላ ነዋ።

ልጇ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ ይዛ እንደወጣች፣ ጓዳው በር ላይ ቀርታ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም። ውሃው ከማንቆርቆሪያው እግሯ ላይ ይፈስሳል፤ አላወቀችውም።

«ተመልከቷት!» አለች አክስቴ ለጎረቤቶቿ፤ «አባቷ ከሞት ተርፎ ሲገባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ክው አትልም! ድንጋይ ነው የወለድሁ።»