ምስክር ሳይሰማ የፈረድንባቸው ጎረቤታችን

ዛሬ ዳኛው «ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በላይ ስላላስረዳ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበቱ» ሲሉ ከኋላዬ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ኤጭ!» አለ።

ተከሳሹ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ከርከሮ አደን ወጥተው የተኮሱት ጥይት አብሯቸው የሄደውን ጓደኛቸውን ገደለ።

«ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ ከርከሮ መሰለኝ» አሉ። ከአደኑ ሳምንት በፊት ግን ሁለቱ ተጣልተው ነበር። ሲተኩሱ ያየ ሰው የለም።

እኛ የብሎኩ ነዋሪዎች ወዲያው «ገዳይ ነው» አልን። (በቴሌግራም ግሩፓችን በውሃ ጉዳይ እንኳ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።) እኔም ሰላምታ ነፈግኳቸው።

ከችሎት ስንወጣ አንዲት ጎረቤታችን የሟችን ባለቤት እትዬ አልማዝን አቅፈው «አይዞሽ፣ ሆን ብሎ እንደገደለው ሁላችንም እናውቃለን» አሏቸው።

እትዬ አልማዝ ክንዳቸውን አስለቀቁ።

«እኔ ባሌ የሞተብኝ አላውቅም። ስንት ጊዜ አሰብኩበት፤ አሁንም አላውቅም። እናንተ እንዴት አወቃችሁ?»



ቤት ስደርስ ጋሽ ታደሰን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

እናንተስ፣ ያላያችሁትን ፈርዳችሁ ታውቃላችሁ? በኋላ ያን ሰው ስታገኙት ምን አላችሁት?