ከአንድ ዘፈን ጋር ከወልቂጤ ቡታጅራ

ማለዳ፣ ወልቂጤ

ሰማዩ ገና ሳይገለጥ መናኸሪያ ደረስን። እኔ መኪና ሳይሞላ ቀድሜ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮት በኩል። ረዳቱ «ቡታጅራ! በዘቢዳር ቡታጅራ!» እያለ ይጮኻል። አንዲት እናት ሁለት እሽግ ቆጮ ይዘው ገቡና አንዱን እግሬ ላይ አሳረፉት፤ አጉረመረምኩ። ታሪፉ ካለፈው ጊዜ ጨምሯል። ለምን ጨመረ ብዬ ጠየቅኩ።

«ፋዘር፣ ነዳጁን ይጠይቁት» አለኝ ረዳቱ።

አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ትርሲት ናት። ስሟን ባታውቁት ድምፅዋን ታውቁታላችሁ፤ «ረስተናል» የሚለውን ዘፈን የዘፈነችው እሷ ናት። ፖለቲካው ሰውን ከጎረቤቱ ካጋጨ በኋላ የወጣ ዘፈን ነው። አገር ይዳን፣ ቁስል ይሻር ይላል። አዝማቹ ላይ «ይቅር ብለናል፣ ረስተናል» ሲል ሠርግ ቤት ያለ ሰው ሁሉ እጁን ያነሳል። ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ በሚደረገው የሰላም ኮንሰርት ላይ ትዘፍነዋለች። ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ትናንት ሄደዋል።

እኔን ያስከተለችኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ ሐጂ ሱልጣን የሚባል የበርበሬ ነጋዴ አለ። በዚያ ግርግር የመጀመሪያ ልጁ ከድር በድንጋይ ተመቶ ሞቶበታል። አዘጋጆቹ የክብር ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጋበዙት። «እመጣለሁ። ያ ዘፈን ሲጀመር ግን ተነስቼ እሄዳለሁ» አላቸው። ሐጂ ከተነሳ ገበያው በሙሉ ተከትሎት ይወጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ ስለ ዕርቅ አፉን የሚከፍት ማን ነው? ሐጂ ደግሞ ወዳጄ ነው። በልጅነታችን መርካቶ አንድ በረንዳ ላይ ሸቀጥ ዘርግተን አብረን ሸጠናል፣ አብረን ተባረናል።

«እኔ አሳምነዋለሁ፤ አንቺ ድምፅሽን ጠብቂ» አልኳት።

ጉብሬ

መኪናው ገና ከወልቂጤ ሳይርቅ ሾፌሩ ዘፈኑን ከፈተው። ትርሲት ሻሿን ግንባሯ ድረስ ሳበች። አፏን በማስክ ሸፍናለች፤ ማንም አላወቃትም።

ከኋላችን የተቀመጠ ተማሪ ነገር ጀመረ። «ሹፌር፣ ባክህ ቀይረው።»

«ምን አደረገህ?»

«እነዚህ ዘፋኞች ምን ደርሶባቸው ነው የረሱት? ቪላ ውስጥ ሆኖ መርሳት ቀላል ነው።»

«ሾላ የሚባለው ሰፈር ቪላ አለበት ትላለህ?» አልኩት፤ ትርሲት እዚያ የምትኖረው አንድ ክፍል ተከራይታ ነው።

«ፋዘር ደግሞ ምን አገባዎት? ልጅዎ ናት እንዴ የዘፈነችው?»

«የእህቴ ልጅ ናት።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ራሱ መሪውን ይዞ ሳቀ። «እንግዲያው የኔም ሚስት ናት!» አለ። ትርሲት በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

ባለ ቆጮዋ እናት ብቻ አልሳቁም። «እኔ እወደዋለሁ። ሲዘፈን ሆዴ ይባባል። ሲያልቅ ግን ያው ነኝ» አሉ።

ተማሪው ጉብሬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወረደ። ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞራ ቀረች።

አገና

ቁርስ። ትኩስ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። ዋጋው የዛሬ ዓመት ከነበረው ጋር አይተዋወቅም፤ የሠሪዎቹ እጅ ግን አሁንም ጥሩ ነው። እኔ የራሴን ጨርሼ የትርሲትን ጀመርኩ፤ እሷ አልበላችም።

«ጋሼ፣ ሐጂ ምኑ ነው የከፋቸው?»

«ሐዘን ነው። ሐዘን ምክንያት አይጠይቅም።»

«ሐዘን ብቻ ቢሆን አልመጣም ይሉ ነበር። መጥተው መነሳት ግን ሌላ ነገር ነው።»

«ብዙ አታስቢ» አልኳት። እኔ ምን እንደምለው ከወልቂጤ ጀምሬ አሰናድቻለሁ። ሰው ከልጅነት ወዳጁ ጋር እንዴት እንደሚከራከር ያውቃል።

ዘቢዳር

ከአገና በላይ እንሰቱ እያነሰ ገብሱ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ ጉም። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። በመንገዱ ዳር ቡልኮ የለበሱ ፈረሰኞች ከጉሙ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝ። የእናትየው ቆጮ እግሬን ስላሞቀልኝ ጠዋት ያጉረመረምኩት ተረሳ።

የተራራውን አናት አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ጉሙ ተከፈተና የመስቃን ሜዳ ከታች ተዘረጋ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባሕር ዛፍ፣ የታረሰ መሬት። እየወረድን ስንሄድ ኮት አወለቅን።

«ይሄን መንገድ ሳይ ደስ ይለኛል» አለ ሾፌሩ። «የጉራጌን ዞን ለሁለት ከፈሉት፤ መንገዱን ግን መክፈል አልቻሉም።»

በእኛ አገር አሁን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ አጠገቡ ያለው ማን እንደሆነ ያያል።

ቡታጅራ፣ የሐጂ ሱቅ

ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ይጋፋል። የበርበሬ ተራ ሲደርሱ አፍንጫ ይነግራል። ሐጂ ሱልጣን በቀይ በርበሬ ጆንያ መካከል ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ወአለይኩም ሰላም! ወልዴ! አንተ ገና አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

ተቃቅፈን ሳቅን። ከዚያ ትርሲትን አየ። ማስኳን አወለቀች። ሳቁ ቆመ፤ ግን ወንበር ሳበላት።

እኔ ያሰናዳሁትን ንግግር ጀመርኩ። አገር ምን እንደሆነ፣ ልጆች ምን እንደሚፈልጉ፣ ዘፈን ልብን እንደሚያለሰልስ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ሐጂ እስክጨርስ ጠበቀኝና ወደ እሷ ዞረ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ማን ወከለሽ?»

«ምኑን ሐጂ?»

«ይቅር ብለናል ትያለሽ። እኔ አላልኩም። አንቺ ወልቂጤ አይደል ያደግሽው? ሽማግሌ ሲቀመጥ አይተሽ አታውቂም?»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። ለሩቅ አንባቢ ይሄን ልንገር። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገረው የበዳይ ወገን ነው። ያደረገውን ቆሞ፣ ሳያሳንስ ይናገራል። የተበደለው ይሰማል። ይቅር የሚለው ቃል የሚወጣው ከተበደለው አፍ ብቻ ነው፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ሌላ ሰው ከቀደመው የዚያን ቀን ሽምግልና ፈረሰ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሐጂ ቀጠለ። «ከድርን የመታው ልጅ እስር ቤት ነው። አባቱ ነስሩ ሽማግሌ ላከብኝ። መጀመሪያ አልቻልኩም፣ መለስኳቸው። ሁለተኛ ሲመጡ በሬን ከፍቼ አስቀመጥኳቸው። ገና ነገሩ ሳይነሳ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምን አለ መሰለሽ? ‹ሐጂ፣ ዘፈኑም ብሏል እኮ፤ ሁሉም ረስቷል።› ውጡልኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።»

«አንተ ደግሞ!» አልኩት። «ዘፈን ሽማግሌ አይደለም። ሰው የሚጨፍርበት ነገር ነው። ምን ታካብዳለህ?»

«አንተ ዝም በል ወልዴ። ልጅህ ቤትህ ነው ያለው።»



ትርሲት፣ «የእኛን ደንብ አውቃለሁ። ማይክራፎን ፊት ግን ትዝ አላለኝም» አለች።

«እኔ ዘፈኑን ተይ አላልኩሽም» አላት። «እኔን ከውስጡ ተይኝ ነው ያልኩሽ።»

ስንወጣ ነገርኳት፤ «ሰው የሚያውቀውን ዘፈን እንዳትነካኪ። ሕዝብ ግጥም ሲቀየርበት ይናደዳል።» ማስኳን መልሳ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው

ሜዳው ጢም ብሏል። ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ነጋዴዎች ከሐጂ ኋላ ተደርድረዋል፤ ዓይናቸው መድረኩ ላይ ሳይሆን እሱ ጀርባ ላይ ነው። እኔ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጫለሁ።

ትርሲት ወጣች። ወጣቱ ጮኸ። ማይኩን ይዛ፣ «አዝማቹን ዛሬ አልዘፍነውም። እናንተም አትዝፈኑልኝ። ያ ቃል የእኔ አልነበረም» አለች። ሰው ቀልድ መሰለው። «ኧረ በናትሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሙዚቃው ጀመረ።

የመጀመሪያው አዝማች ጋ ሲደርስ አፏን ዘጋች። ወጣቱ ከልማዱ «ይቅር ብለናል…» ብሎ ጮኸ። እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ሐጂ አልተንቀሳቀሰም። በሁለተኛው ጥቂት ሰዎች ጀምረው አቋረጡ። በሦስተኛው ሜዳው በሙሉ ዝም አለ። ከበሮው ብቻ፣ ባዶውን። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ያኔ ሐጂ ተነሳ።

ከኋላው ያሉት ነጋዴዎችም ተነሱ። ትርሲት ከመድረኩ አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ፣ ግን ቀጣዩን ስንኝ ያዘች። ሐጂ ግን አልሄደም። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ሰማ፤ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ነጋዴዎቹ እርስ በርስ ተያዩና እነሱም ቆሙ።

ሲያልቅ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «የበርበሬው ብናኝ ነው» ብሎ አበሰው፤ በርበሬ ተራው ግን ከዚያ ሩቅ ነው።

«ወልዴ፣ ይቅር አላልኩም።»

«ሰምቻለሁ።»

«መስማት ግን እሰማለሁ። ለነስሩ ንገረው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ። በራሱ አፍ ይንገረኝ። ያንን ለፍላፊውን ሽማግሌ እንዳያመጣብኝ!»

በማግስቱ ጠዋት

መናኸሪያ ትርሲትን ለወልቂጤው መኪና አሳፈርኳት። ዛሬም ሻሿን አስራለች፤ አሁን ግን አልሆነላትም፣ ረዳቱ ሳይቀር አወቃት። «አዝማቹን መልሺው እንጂ!» ይላታል። «ባለቤቱ ሲዘፍነው» አለችው። በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ አትገባም?» አለችኝ።

«ሥራ አለኝ» አልኳት።

የነስሩ ቀበሌ በሌላው አቅጣጫ ነው። ባጃጅ ጥርጊያው ድረስ አደረሰኝ፣ ከዚያ በእግሬ። ያልታረሰ ማሳ፣ በግርግሩ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ የቆመ ቤት፣ ከዚያ እንሰት። ያገኘሁት ሰው ሁሉ የማን እንግዳ እንደሆንኩ ይጠይቀኛል። ለሁሉም እውነቱን ተናገርኩ፤ «ከሐጂ ሱልጣን ዘንድ ነው የመጣሁት።» ይሄን ስል አንዳንዱ መንገድ ይለቅልኛል።

በሩን የከፈተው ነስሩ ራሱ ነው። ቀጭን ሰው፣ ጢሙ የነጣ።

«ሐጂ ሱልጣን ልኮኝ ነው» አልኩት። «እሰማለሁ ብሏል።»

ሌላ ነገር ልጨምር ስል ሰውየው የለም። ወደ ውስጥ ገባ። ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ ወጣ።

«እንሂድ» አለኝ።

«ቅዳሜ ነው እኮ።»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን አላወለቀም።