የሰበታው ቤቴ ባለቤት

ከጁባ የተነሳሁት ሰው ልይዝ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ነው፣ ለእረፍት ነው ብዬ አላስመስልም። ሰበታ የገዛሁትን አሮጌ ቤት እንዲያድስልኝ የቀጠርኩት ገመቹ የሚባል ግንበኛ ስልኩን ዘጋብኝ። ስልኩን የዘጋ ሰው ደህና ነገር ላይ ነው ብዬ ደግሞ አስቤ አላውቅም።

ጁባ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከሰል ሻጩ ከሥር ዱቄቱን ደብቆ ከላይ ጉማጁን ያሳየኛል፤ ሥጋ ሻጩ ዞር ስል አጥንት ይጨምራል፤ በልቶ የሚጨርሰው ደንበኛ «ፀጉር አለበት» ይለኛል። እንዲህ እየዋለ ሰው የሚያምን ካለ እሱ ጤነኛ አይደለም። አዎ፣ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም።

እናቴ ሌላ ሰው ናት። በር ያንኳኳ ሁሉ ይገባል፣ የገባ ሁሉ ይበላል። ገመቹን ያገኘችልኝም እሷ ነች። ጀሞ የተከራየችውን ቤት ጣራ ሲጠግን አይታ «የሰው ወርቅ ነው» አለችኝ። አከራይዋ ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ ብሎ ልቀቂ ብሏታል። ጉልበቷ ደግሞ ግቢው ማዶ ያለው ሽንት ቤት ድረስ መመላለስ እምቢ ብሏል። ክረምቱ ሳይገባ ሰበታ ካልገባች የት እንደማደርጋት አላውቅም ነበር። ያለኝን ሁሉ ያፈሰስኩት እዚያ ቤት ላይ ነው።

ገመቹ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኝ ነበር፦ ልስኑን፣ ኮርኒሱን፣ ሴራሚኩን። የግቢውን በር ፎቶ ግን በልመናም አላገኘሁም። «በሩ ገና ነው እህቴ» ይላል። በሩ ሁልጊዜ ገና ነው። ከዚያ አንድ ቀን ስደውል ሴት አነሳች።

«ማን ልበል?» አለች።

«ባለቤቱ ነኝ!» አልኳት በንዴት። «ገመቹን አቅርቢልኝ!»

  ጆሮዬ ላይ ጥርቅም አደረገችው፤ ስልኩም ከዚያ በኋላ አልሠራም። ሳምንት ሙሉ ሞክሬ፣ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቼ ትቼ ቲኬት ቆረጥኩ።

ቦሌ እና ጀሞ

ቦሌ እንደወረድኩ ባለታክሲው ሻንጣዬን አየና ሰማይ የሚነካ ዋጋ ጠራ። «ወንድሜ፣ ከጁባ ነው የመጣሁት፣ ከጨረቃ አይደለም» አልኩት። ሳቀና ቀነሰ፤ አሁንም ግን እንደበላኝ እርግጠኛ ነኝ።

እናቴ አቅፋ ስማኝ ሳትጨርስ «ገመቹ ታሞ ይሆናል» አለች።

«እማዬ፣ ቤቱን ሸጦት ጠፍቶ ቢሆንስ?»

«ቤት በኪሱ ይዞ አይጠፋ! አረፍ በይና ብዪ ይልቅ።»

በላሁ፤ አላረፍኩም።

ሰበታ

በነጋታው በአለም ገና በኩል ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን የጭነት መኪና ሞልቶታል። የፋብሪካ ሠራተኞች ሽፍት ቀይረው ሲወጡ አስፋልቱን ዘግተውት፣ ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ ከራሱ ጋር ይጣላል። ከዋናው መንገድ ባጃጅ ይዤ ኮብልስቶኑን እየተንገጫገጭኩ ደረስኩ።

አሮጌው የቆርቆሮ በር እንዳለ ነው፤ አዲስ ሰንሰለትና አዲስ ቁልፍ ታስሮበታል። የማላውቀው ቁልፍ! በስንጥቁ አጮለቅኩ። ግድግዳው ተለስኗል፣ መስኮቶቹ ገብተዋል፣ በረንዳው ላይ ሴራሚክ ያብረቀርቃል። ቤቱ አምሯል። ይሄኔ ነው የባሰ የፈራሁት፤ ለራሱ ካልሆነ ማን እንዲህ ያሳምራል?

ጥግ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለ። ባለሱቋ ሀያት ትባላለች፤ ሻሿን ጠበቅ ያደረገች፣ ፈጣን፣ አንዱን ደንበኛ በኦሮምኛ ሌላውን በአማርኛ እያስተናገደች በመሀል እኔንም የምታይ ሴት። የሚከራይ ቤት የምፈልግ መስዬ ጠየቅኳት።

«ያ ግራጫው ቤት የማን ነው?»

«የገመቹ ነዋ።»

«የግንበኛው?»

«አዎ፣ ራሱ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ውጭ አገር ናት፣ ገንዘቡን የምትልከው እሷ ናት። አይ ሲፈራት! ሚስማር እንኳን ሳይጠይቃት አይገዛም። ‹ባለቤቴ እሺ ካላለች አልችልም› ይለኛል። አንጀቴን እየበላው ሁልጊዜ እቀንስለታለሁ።»

በስመ አብ! ሰውየው ሚስቱ አድርጎኛል! የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። የጋብቻ ወረቀት በጎን አሠርቷል፤ ነገ «የጋራ ንብረት ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ያቆመኛል፤ እናቴም ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ትቀራለች።

«አሁን የት ነው የማገኘው?» አልኩ ድምፄን አለሳልሼ።

«ሰሞኑን አልመጣም። የግቢውን በር ቡራዩ ነው ያሠራው፤ እነሱን ጠይቂያቸው» ብላ የበያጁን ቦታ ነገረችኝ።

ቡራዩ

በማግስቱ አየር ጤና ላይ ፉል በላሁ። ዘይቱን እንዳይቀንስብኝ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ከዚያ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ። ረዳቱ መልሴን ሊረሳ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ቡራዩ መንገድ ዳር የተጠረበ ድንጋይ ተከምሯል፤ አጠገቡ በያጆች ተደርድረው ብልጭታቸው መንገደኛ ላይ ይረጫል። ተስፉ የሚባለውን በያጅ አገኘሁት። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል። ከኋላው ግድግዳ ተደግፎ የኔ በር ቆሟል። የኔ መሆኑን ያወቅኩት በቀለሙ ነው፤ አረንጓዴ እንዲሆን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «ገና ነው» የተባለው በር አልቆ፣ ተቀብቶ፣ ደርቋል!

ሁለት ተከፋች ነው። በሁለቱም መሀል የሻይ ሳህን የሚያክል ክብ ብረት አለ፤ በክቡ ላይ ፊደል ተበይዷል። በቀኙ «ሰ»፣ በግራው «ገ»።

«ያምራል አይደል?» አለኝ ተስፉ።

«ፊደሎቹ ምንድን ናቸው?»

«የባልና የሚስት ነው። ገመቹና ሰናይት። የኔ ስጦታ ነው፤ አልጠየቀኝም። ሴትየዋ ከጁባ ስትመጣ ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

ሰናይት እኔ ነኝ። በገዛ ብረቴ ድረውኛል!

«ገመቹስ? ደስ አለው?»

«ሲያየው ላብ አጠመቀው። ደስታ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አልመጣም።» ሻዩን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ ድምፅሽን የት ነው የማውቀው? ያቺ ሚስቱ የምትልከውን የድምፅ መልእክት እዚሁ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። ስትቆጣ አቤት! ሥራ አቁመን ነው የምንሰማት።»

ጉንፋን የያዘኝ መስዬ አሳልኩና የገመቹን ሰፈር ጠይቄ ወጣሁ። ሱሉልታ ነው አለኝ፤ ወተት መሰብሰቢያው ጋ ደርሰሽ ማንንም ጠይቂ።

ሱሉልታ

እንጦጦን ስንወጣ ጉም ሚኒባሱን ዋጠው። ባሕር ዛፉ እንጂ መንገዱ አይታይም፤ ሯጮች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ተመልሰው ይጠፋሉ። ወረድ ሲል ሜዳው ተዘረጋ፤ ከብት፣ የሣር ክምር፣ አዲስ ቪላ፣ እንደገና ከብት። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ የጁባ ልብሴን ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ለገመቹ የምለውን እያጠናሁ ነበር። ፖሊስ ይዤ መምጣት ነበረብኝ ብዬም ራሴን ወቀስኩ።

ወተት መሰብሰቢያው ጋ የጠየቅኳቸው ሽማግሌ በሩን አሳይተውኝ «ሰሞኑን ቤቱ ሰላም የለም፤ ቀስ ብለሽ ግቢ» አሉኝ።

የከፈተችልኝ ረጅም፣ ፊቷ የጠቆረ ሴት ናት። በአንድ እጇ የወተት ባልዲ፣ በሌላው የተዘጋ ስልክ ይዛለች።

«አካም ጅርቱ» ብዬ በማውቃት ኦሮምኛ ሰላም አልኳት። «የኦቦ ገመቹ ቤት ነው?»

ባልዲውን መሬት አስቀመጠች።

«ድምፅሽ!» አለች። «ያቺ ነሽ! የባሌን ስልክ ባነሳ ‹ባለቤቱ ነኝ› ያልሽኝ! እቤቴ ድረስ መጣሽ?»

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጁባ ሆኜ፣ በገዛ አፌ፣ ለሰው ሚስት «ባለቤቱ ነኝ» ብያለሁ!

«የቤቱ! የቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«የቱ ቤት?»

«የሰበታው!»

«እኮ! ቤትም ሠርቶልሻል!» አለችና ጭንቅላቷን ያዘች። «በር ላይ ስምሽን ከስሙ ጋር አስበይዷል! የቡራዩ ዘመዶቼ በሩን አይተው እንኳን ደስ አለሽ ብለው ሲደውሉልኝ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

ገመቹ ከበረቱ ወጣ። ሳምንት ሙሉ እዚያ የከረመ ይመስላል፤ ፀጉሩ ላይ ሣር አለ። እኔን ሲያይ ተመልሶ ሊገባ ነበር።

«ቁም!» አልነው ሁለታችንም እኩል።

ቆመና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። «‹ባለቤቴ› ያልኩት የሥራውን ባለቤት ነው፣ አሠሪዬን። በአማርኛ እንደዚያ የሚባል መስሎኝ ነው። እነሱ ሚስቱን ይፈራል ብለው ሳቁ፤ ሲያዝኑልኝ ደግሞ ዋጋ ቀነሱ። ውጭ የሚኖር አሠሪ ቤት ነው ብል እጥፍ ይጠሩብኛል። አንቺን ይጠቅምሻል ብዬ ዝም አልኩ፣ እህቴ። ከዚያ ተስፉ ፊደሉን በየደው። እንዴት ብዬ ፎቶውን ልላክ?»

ሚስቱ ጫልቱ በኦሮምኛ ጠየቀችው፣ «ሃቲ መና ኬ ኤኙ?» ሚስትህ ማናት ማለቷ ነው።

«አቲ» አላት በቀስታ። አንቺ ነሽ።

እሷም አላመነችም፣ እኔም ገና አላመንኩም። ሁለታችንም እጃችንን አጣምረን እያየነው ሳለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ድምፁን ከፈትኩት።

«ገመቹን አገኘሽው? ታሞ ነው?»

«ደህና ነው። እሱም ሚስቱም እዚህ አሉ።»

«ጫልቱ አለች? እስቲ ስጪኝ! ጫልቱ የኔ ልጅ፣ ወገብሽን ተሻለሽ? ጣራው ላይ ሆኖ ስለ አንቺ ሲያወራልኝ አይደል የሚውለው! ያችን የታመመችውን ጊደር ሌሊት ስታስታምሚያት እንዳደርሽ ሁሉ ነግሮኛል።»

ጫልቱ ስልኩን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «እናትሽ ጥሩ ሰው ናቸው» አለችኝ። «አንቺን ግን አላውቅሽም።»

«እኔም አንቺን» አልኳት።

ወተት አፍልታ ሰጠችኝ። ብርዱ ውስጥ እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ውሃ አልገባበትም።

ተመልሶ ሰበታ

ጫልቱ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ «ገ» ከበሩ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ቤቱ እስኪያልቅ እሷም ሰበታ ትውላለች። ጊደሯን ለጎረቤት ሰጥታ በየማለዳው ከባሏ ጋር መጣች። ሠራተኛ ሲያርፍ ቆማ ታየዋለች፣ ሴራሚኩን በጣቷ አንኳኩታ ባዶ ሲጮህ ታስነቅላለች፣ አሸዋ የሚደፋውን መኪና ዞራ ትለካለች። ሀያት ሱቅ ገብታም «የገመቹ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች። ሀያት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አይታ «ሁለታችሁም?» ብትል ሦስታችንም ሳቅን። ቅናሹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

ተስፉ መጥቶ በሩን ገጠመ፣ «ገ»ን ከነክቡ በግራይንደር ቆረጠው። ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። «አበባ ሠርቼ እደፍነዋለሁ» አለ። ሲል ደግሞ አመንኩት፤ እንዲህም ያደርገኛል አንዳንዴ።

የጁባ ምግብ ቤቴ ጠራኝ። ቁልፉን ለማን ልስጥ? ለገመቹ? አሁንም ቅር ይለኛል። ለእናቴ? ላንኳኳ ሁሉ ልትሰጠው። ለጫልቱ ሰጠኋት። በሕይወቴ ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጁባ

ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት የከሰሉን ከረጢት ሥር ነው፤ ዱቄት ነው። ከጉዞው ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ውጭ ሆናችሁ ቤት ስታሠሩ ስልክ ላይ «የቤቱ» የምትለዋን ቃል አትርሷት እላችኋለሁ። ሌላውን ገና እያሰብኩበት ነው።

ዝናቡ ሳይጀምር ከጫልቱ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። እናቴ ገብታለች። ሽንት ቤቱ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ በራሷ እግር ትሄዳለች። ይህን ስሰማ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

ጫልቱ ግን ተናዳለች። «ተስፉ ቀዳዳውን አልደፈነም። እናትሽ እዚያ ወንበር አስቀምጠው ቁጭ ይላሉ። በቀዳዳው መንገደኛውን ሁሉ እየጠሩ ‹ግቡ፣ እረፉ› ይላሉ። ማን እንደሆነ እንኳን አያጣሩም!»

ደነገጥኩና ደወልኩላት። «ጫልቱ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል እንዴ?»

«ቁልፉማ እኔ ጋ ነው» አለች። «በሩ ግን እሳቸው ከገቡ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም።»