አፌን የሸፈንኩበት ወይን

ሚስቴ በወሊድ ከነጽንሷ ስትሞት አላለቀስኩም። ደሴ ላይ ቀበርናት፣ ሰዎች ደግፈው ቤት መለሱኝ፣ የቀረበልኝንም በላሁ። እንጨት እንጨት ይለኝ ነበር፤ ቢሆንም በላሁ። እናቷ ከኩታበር መጥተው ነበርና በለቀስተኛው መሐል ደረቅ ዓይኔን ሲያዩት ዋሉ። ለአማች አንቱ ማለት ወግ ነው፤ የወቀሱኝም በአንቱ ነው።

«አንቱ፣ ልጄን እንደ ባዳ ቀበሯት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ዲያቆን ነበርኩ። ሥራዬ ለቁርባን የሚሆነውን ዘቢብ ነክሮ መጭመቅ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ወይን ስጨምቅ ኖሬ እሸቱን ከነሐረጉ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ደረቁን ብቻ ነው።

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ግድም፣ አገራቸውን ሊያሳዩን ከየደብሩ ሰው መረጡ። ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ፤ ቅር ቢሉኝም እቀር ነበር። በካሚዮን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፣ ከዚያ በረሃውን አቋርጠን አሰብ፣ ከዚያ መርከብ። ባሕሩን ሲያዩ ሌሎቹ አማተቡ። እኔ ውሃ ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚያ ካሳዩን ሁሉ የማስታውሰው አንድ የወይን መጥመቂያ ነው። ኮረብታው በሙሉ ወይን ነው፤ ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ጎተራ የሚያካክሉ በርሜሎች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ሽማግሌ ከአንዱ ቀድቶ ሰጠኝ። መጀመሪያ እንደ ኮሽም ምላሴን ያዘኝ። ቀጥሎ ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ፣ ከዚያ ጣፈጠኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ የጣፈጠኝ ነገር አልነበረም። ሳላስበው፣ እንደ ቆረበ ሰው፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ።

ሽማግሌው ደነገጠ።

«ተበላሽቶ ነው ወይ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

አፌን ሳልገልጥ፣ አይደለም ብዬ ራሴን ወዘወዝኩ። ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ግን አፌን ሳልሸፍን ጠጣሁ፤ ሦስተኛውን ራሴ ጠየቅሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ወይን እወዳለሁ። አገሬን የነጠቁ ሰዎች ምላሴን መለሱልኝ፤ ሊያናድደኝ ይገባ ነበር፣ ንዴቱ ግን አልመጣልኝም።

ስመለስ አንድ ጠርሙስ ይዤ ኩታበር ሄድኩ። የጣፈጠኝን ነገር የማካፍለው ለሚስቴ ነበር፤ እሷ ከሌለች እናቷ አሉ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምንድን ነው የያዙት?» አሉኝ።

«ወይን ነው።»

ብድግ አሉና ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ።

«ኧረ እናቴ፣ የቁርባን አይደለም፤ እንዲያው መጠጥ ነው።»

«ወይን ብለውኝ የለም እንዴ! ወይን ስንት ዓይነት ነው?»

በዋንጫ ቀዳሁላቸው። ቆመው ቀመሱ፣ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በተክሊላችን ቀን አብረን ስንቆርብ ልጃቸውም የሸፈነችው እንዲሁ ነበር፤ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር። አሁን ከነጠላው በላይ ያየሁት የእሷን ዓይን ነው።

እንባዬ መጣ። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። አማቴ አልከለከሉኝም፣ አላባበሉኝምም፤ ቆመው ጠበቁኝ። ሲወጣልኝ አፋቸውን ገለጡ።

«በሉ እንግዲህ» አሉኝ፣ «ልጄ ዛሬ ተቀበረች።»