ወንድሜ በገዛ ልቅሶው ላይ

ይህ ነገር የደረሰብን በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር ነው። ያኔ እኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም፣ ወንድሜ በር ከፍቶ በገባ ቁጥር አሁንም አንድ ጊዜ ደንገጥ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዚያ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ከየቀበሌው ወጣት ይፈለግ ነበር። በእኛ ቀበሌ “ለማንም እንዳናደላ በዕጣ ይሁን” ተባለ። ሃያ ወጣቶች ተጠሩ፤ አምስቱ ይሄዳሉ። ሃያ ወረቀት ተጠቅልሎ አምስቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከተጠሩት አንዱ ታላቅ ወንድሜ መላኩ ነበር።

በዋዜማው መላኩ አጠገቤ ቁጭ አለና “እታለም፣ አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ። ቀድሜ ባወጣ ነው የሚሻለኝ ወይስ ወደ ኋላ ብል?” አለኝ።

ያን ሰሞን የተማርነው ይህንኑ ነበር። ሰፌድ አምጥቼ ዐሥራ አምስት ባቄላና አምስት ሽምብራ ቆጠርሁለት።

“ሽምብራው ምልክት ያለበት ነው እንበል። መጀመሪያ ካወጣህ ከሃያው አምስቱ ያስፈሩሃል፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። ሁለተኛ ብትሆንስ? ከፊትህ ያለው ሽምብራ ካወጣ ከቀሩት ዐሥራ ዘጠኝ የሚያስፈሩህ አራት ብቻ ናቸው፤ ቀለለልህ። ባቄላ ካወጣ ግን አምስቱም አሉ፤ ባሰብህ። ሁለቱን እንደየዕድላቸው አመዛዝነህ ስትደምር ተመልሶ ያው ከአራት አንድ ነው። የመጨረሻውም ሰው እንደዚያው።”

አላመነኝም። እህሉን ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ አንዴ ቀዳሚ አንዴ ተከታይ እየሆነ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሲያወጣ ዋለ። ሲመሽ “እውነትሽን ነው መሰለኝ” አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሐይቁ ዳር ነበር። እናቴና እኔ ከሌሎች ሴቶች ጋር አጥሩ ሥር ቆምን። ነፋስ አልነበረም፤ ደንገሉ እንኳ አይነቃነቅም። ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ መሰለፍ ፈልገው ሲገፋፉ ሊቀ መንበሩ ተቆጣና በስም መጥራት ጀመረ።

“መላኩ አየነ!”

“አቤት!” አሉ ሁለት ሰዎች ባንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ሁለተኛው ከአንበሳሜ መጥቶ አክስቱ ቤት የሚኖር፣ ጀልባ ላይ ዕቃ የሚጭን ልጅ ነበር። ስሙም የአባቱም ስም ልክ እንደ ወንድሜ። እስከዚያ ቀን አይተነው አናውቅም። ሊቀ መንበሩ ሳቀና “እንግዲህ ማን እንደሚቀድም ተስማሙ” አላቸው።

ወንድሜ ወደ እኔ እየጠቆመ “አንተ ምረጥ፤ እህቴ ልዩነት የለውም ብላኛለች” አለው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። “እንግዲያው አንተ ቅደም።”

ወንድሜ እጁን ዕጣው ያለበት ቆብ ውስጥ ከቶ አወጣ። ባዶ ወረቀት ነበር። ያኛው መላኩ ቀጥሎ አወጣ። ምልክት ነበረበት።

እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ልጁ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ አጥሩ መጣ።

“ልዩነት የለውም አልሽ?” አለኝ። አልተቆጣም፤ ማወቅ የፈለገ ነው የሚመስለው።

“የለውም” አልሁት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከዓመት በላይ አለፈ። ወንድሜ በሥራ ወደ ጎንደር ተዛወረ። እኛም ቤት ቀይረን ሹም አቦ ሰፈር ገባን። አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ርቆ የሚኖር ወንድ ልጅ እንዳለን እንጂ የት እንዳለ አያውቁም።

አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። “የመላኩ አየነ ቤት ይህ ነው?” አሉ። አባቴ “አዎን” አለ። የቀድሞው ቀበሌያችን በስም ብቻ ልኮባቸው፣ መላኩ ግንባር ላይ ማረፉን ነገሩን።

ያን ሰሞን ወጣት ከመንገድ ይታፈስ ነበር። ከጎንደርም ወሬው ከጠፋን ሰንብቷል። ማንም “የትኛው መላኩ?” ብሎ አልጠየቀም። እናቴ ወደቀች። ድንኳን ተተከለ፤ ፎቶግራፉ ጠረጴዛ ላይ ቆመ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ድንኳኑ ሰው እንደሞላ፣ “አባዬ! አባዬን!” እያለ የሚጮህ ወንድ ድምፅ ከደጅ መጣ። ወንድሜ ነበር። ለዕረፍት መጥቶ ድንኳኑን ሲያይ አባታችን የሞተ መስሎት ነው። እያለቀሰ ገባና አባቴን ከልቅሶተኛው መሐል ተቀምጦ አገኘው። ቀጥሎ የራሱን ፎቶግራፍ አየ።

ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አንዳንድ ሴቶች እያማተቡ በድንኳኑ ሥር ሾልከው ወጡ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ጉንጩን ዳሰሱና “ሙቅ ነው” አሉ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ብዙ ከቆየች በኋላ ቀና አለችና “የዚያ ልጅ እናት እኮ ገና አልሰማችም” አለች።

የልጁን አክስት ፈልገን አገኘናትና ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር አንበሳሜ አብረናት ሄድን። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ተናገሩ። ወንድሜ አጥሩ ጋ ቀርቶ ነበር፤ እናትየዋ ግን በእንባዋ መሐል አየችው።

“ያ ልጅ ማነው?”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሱ ራሱ “መላኩ እባላለሁ፣ እናቴ” አላት።

“የማን ልጅ?”

“የአየነ።”

ትኩር ብላ አየችው። የምታባርረው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን “ና፣ ግባ” አለችና እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። እስኪመሽ “መላኩ፣ መላኩ” እያለች ስታለቅስ እጁን አልለቀቀችም። ስሙን በጠራች ቁጥር፣ “አቤት” ሊላት እንደፈለገ የወንድሜ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

እኔ ዛሬ የሒሳብ መምህርት ነኝ። የነገርሁት ስሌት ትክክል ነበር፤ አሁንም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነው። ወንድሜ ወልዶ ከብዷል፣ ለበዓል እየመጣ ይጠይቀኛል። ሲስቅ ሳየው ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን የአንበሳሜዋ እናት ፊት ይመጣብኛል፤ እሷ የምታየኝ ይመስል ደስታዬን ቶሎ እሰበስባለሁ።