ያልበላ ማነው?

«ወይ ጠጣው፣ ወይ እዚያ በርሜል ውስጥ ድፋው!» አለችኝ የኤርፖርቷ ፈታሽ።

ጫማዬን አውልቄ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በሌላው ሁለት ሊትር ጠበል ይዤ ቆሜያለሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ ወገቧን ስላመማት እማዬ ከአንኮበር ያስመጣችው ነው። «አንዲት ጠብታ እንዳታፈስ!» ብላኛለች።

እኔ እኮ መቆም የሚያቅተኝ ልጅ አይደለሁም። ጣርማ በር ላይ መንገድ ተዘግቶ በዚያ ብርድ በቲሸርት ያደርኩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ! የዛሬው ወረፋ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አቁሞ አቁነጠነጠኝ።

ጠበል በርሜል ውስጥ አይደፋም። እንዳልጠጣው ጠዋት ሁለት እርጥብ ገምጫለሁ፤ ጠበል ደሞ በባዶ ሆድ ነው።

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ኧረ ወንድም፣ አውሮፕላኑ ጥሎን ሊሄድ ነው!» ይላል።

ጨነቀኝና ጮህኩ፦ «ያልበላ ማነው?»

አንዲት እናት «እኔ አለሁ ልጄ፣ ጾመኛ ነኝ» ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። ከዛ ሌላ ሰው፣ ከዛ ሌላ። ያ ሲነጫነጭ የነበረው ሰውዬ ራሱ ሁለቴ ወረፋ ያዘ! የመጨረሻዋን ፈታሿ «ለኔም አስቀርልኝ» ብላ ጓንቷን አውልቃ ጠጣች።

አሁን መሳፈሪያው ጋ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቅድም እማዬ ደወለች።

«ጠበሉስ?»

«አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም እማ!»

አልዋሸሁም። እህቴን ግን ምን ልበላት?

እናንተስ ፍተሻ ላይ ምን ይዛችሁ ጉድ ሆናችሁ? ጻፉልኝ፣ እስክንሳፈር ልሳቅ። ለእማዬ የነገረ ብሎክ ነው!