እጮኛዬን ኩስኮ ላይ እንዳየሁት

እጮኛዬ ሻንጣ ይንቅ ነበር። ጎማ ያለው ሻንጣ የሚጎትት ሰው «ቱሪስት» ነው፤ ጀርባው ላይ የሚያዝል ግን «ተጓዥ» ነው ይላል። ይህን ያስተማሩት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ኦፊሱ ውስጥ አብረውት ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። በየዓመቱ ቫኬሽናቸውን አንድ ተራራ ላይ ያሳልፉና ከንፈራቸው በፀሐይ ተልጦ ይመለሳሉ፤ ከዚያ እስከ ገና ሌላ ወሬ የላቸውም። እሱም ተልጦ መመለስ አማረው።

ስለዚህ ከሠርጋችን በፊት ፔሩ፣ ኩስኮ የምትባል ተራራ ላይ ያለች ጥንታዊ ከተማ እንሂድ አለኝ። ቁመቱ ከጭንቅላቱ የሚያልፍ ብርቱካናማ ባክፓክ ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ በታሸገ ውሃ ሞልቶት ወንዙ ዳር ልምምድ ይወጣል። አንድ ቀን እንዳዘለው ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት መጣ። እናቴ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ እኔ ዞራ፣ «ከቤት አስወጡት እንዴ?» አለችኝ።

«ከፍታውን እንዳትፈሪ» ይለኛል። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ሳንባችን የተሠራው ለዚህ ነው። የሚወድቁት ፈረንጆቹ ናቸው።» ሰውዬው ቦሌ ተወልዶ በዐሥራ አንድ ዓመቱ አሜሪካ የገባ ነው። ደጋን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው።

እኔ ገና ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሆቴል «እውነተኛውን ሕይወት ይጋርዳል» ስላለ ያረፍነው ሆስቴል ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ። የቀሩት ስድስቱ ካልሲያቸውን ራስጌያቸው ላይ አስጥተው ስለ ነፍስ የሚያወሩ ወጣቶች ነበሩ። ወራት ሙሉ ዞረው ያገኙት ጥበብ «እነዚህ ሰዎች ምንም ሳይኖራቸው ደስተኞች ናቸው» የሚል ነው። እጮኛዬ ይህን ሲሰማ ወንጌል እንደተነበበለት ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ሆስቴሉን የምታጸዳው ስድሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ጸጉሯን በሁለት ጎንጉና ወደ ኋላ የለቀቀች አጭር ሴት ናት። አዲስ ለገባ ሰው ሁሉ ለከፍታው ይረዳል የሚባል የቅጠል ሻይ ታቀርባለች። እኔ ጠጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ኩባያውን በጣቱ ገፋ አደረገና፣ «ይሄ ለቱሪስት ነው» ብሎ ባክፓኩን እንዳዘለ የከተማዋን የድንጋይ ደረጃ ሊወጣ ሄደ።

ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። የመረጠው የላይኛውን አልጋ ስለነበር እየተንፏቀቀ ወጣበት። ከዚያም ከላይ ሆኖ አስታወከ። ወለሉ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ ስለ ነፍስ በሚያወራው ልጅ ካልሲ ላይ። ስድስቱም እውነተኛውን ሕይወት ትተው በሩን ተጋፍተው ወጡ።

ከኮሪደሩ መወልወያና ባልዲ ፈልጌ አመጣሁ። ጎንበስ ስል ከላይ፣ «ተዪው እንጂ» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። «ሴትዮዋ አለች አይደል? ሥራዋ ነው።»

እኔ አሜሪካ እንደገባሁ አራት ዓመት አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ሠርቻለሁ። ይህን ያውቃል። እንዲያውም ሰው ሲያስተዋውቀኝ «ከታች ተነስታ ነው እዚህ የደረሰችው» እያለ ሜዳሊያው ያደርገኝ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ እንግዶቹ አልጋው ላይ ጋደም ብለው «ሥራዋ ነው» ሲባባሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አንዳንዶቹ ደግሞ በጣም ጨዋዎች ነበሩ።

ሴትየዋ መጣችና ያየችኝ በቁጣ ነው። ለካ በመወልወያው እያሰፋሁት ኖሯል። በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ሰጋቱራ በተነችበት፤ ሲመጥጠው ጠበቀችና በሁለት ጥረጋ ጨረሰችው። አላመሰገነችኝም፤ ምን ስላደረግሁላት? ከዚያ አልጋው ላይ ተንጠራርታ ራሱን ደገፈችና ሻዩን አጠጣችው። የቱሪስቱን ሻይ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

በማግስቱ ተሻለው። ሴትየዋ አንሶላ በጨርቅ ቋጥራ፣ አዝላ ደረጃ ስትወርድ ሳያስፈቅዳት ፎቶ አነሳትና ኦፊሱ ላሉት ልጆች ላከው። ከሥሩ «ምንም ሳይኖራቸው ፈገግ ይላሉ» ብሎ ጽፎበታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አልሳቀችም።

እንደተመለስን አፓርታማው በር ላይ ቀለበቱን ሰጠሁት። «በትውከት ምክንያት?» አለኝ፤ ከልቡ ገርሞት ነበር።

በሳምንቱ እሑድ እሱ የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች እናቴ ሳሎን ተቀመጡ። የሚናገሩት ከፌርፋክስ የመጡት አንደኛው ነበሩ።

«መታሽ?»

«ኧረ አልመታኝም፣ አባባ።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ሌላ ሴት ይዟል?»

«አልያዘም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ ልጄ?»

«አስታወከ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እውነቱን እኮ ነው፤ ሥራዋ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ሥራዋማ ነው። እርስዎም ያውቃሉ፣ የእኔም ሥራ ነበር።»

«ነበር! አሁን ነርስ ነሽ። ካለፈ ነገር ጋር ምን አገናኘሽ?»

መልሱ ለእሳቸው የሚገባ አልመሰለኝም። እናቴ ታግዘኛለች ብዬ ዞር ስል የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እየጠቀለለች ነበር። ሸኝታቸው ስትመለስ፣ «ትዕቢት ነው ያለብሽ» አለችኝና ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

እሱ «ከፍታው ጭንቅላቷን ነካት» ብሎ አስወራ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ክንዴን ይዘው «አሁንስ ተሻለሽ?» የሚሉኝ ሴቶች ነበሩ። «ተሽሎኛል፣ ይመስገን» እያልኩ አለፍኳቸው።

እሱን ለመናቅ አልተቸገርኩም። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ከጉዞው ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ስንጀምር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጇን ጣቱን አጩኾ ጠርቷት ነበር። ልጅቷ ያልሰማች መስላ ሌላ ጠረጴዛ ስትጠርግ ቆየች። እሱ ደገመው፤ ቀጥሎም የአጠራረጓን ዝግታ እያስመሰለ አሳየኝ። እኔ ያን ቀን ከት ብዬ ነው የሳቅኩት።